የሚስተር ኩሪያን ፊልምና ቱርጁማኑ አያቴ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አምስት ሰዎች አለን። የመጀመሪያው አያቴ አባባ ይማም ናቸው፤ የደሴ ሰው፣ ያን ጊዜ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ጥርሳቸው ያልተነካ፣ ጆሯቸው ከእኔ የሚሻል። ሁለተኛው ሚስተር ኩሪያን፤ የደቡብ ሕንድ፣ የኬረላ ሰው፣ ደሴ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ በስተርጅና በፈረንጅ አገር፣ ሬድመንድ በሚባል ከተማ፣ ልጃቸው ቤት የተቀመጡ። ሦስተኛው አባቴ አሕመድ፣ የሚስተር ኩሪያን የቀድሞ ተማሪ፣ የታክሲ ሾፌር። አራተኛዋ ሚስ ካርሰን፣ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪዬ። አምስተኛው እኔ በድሩ፣ የአሥር ዓመት ልጅ። እናቴና ታናሽ እህቴም በቤቱ ነበሩ፤ በሆነው ነገር ግን እጃቸው የለበትም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ጠርሙስ ነው። ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ኮሎምቢያ ሲቲ ከሚባለው ሰፈር ሱቅ የኮኮናት ቅባት ገዝታ መጣች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ክዳኑን ስትከፍተው ሽታው በኮሪደሩ እስከ ሳሎን መጣ፤ እኔም ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ዳድ፣ የጸጉር ቅባት እኮ ነው። ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ምንም አልነበረም ማለቴ ውሸት ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቼ ስብከት ይወዳል ይሉኛል፤ አልክድም። ትምህርቴን በወጉ የጨረስኩ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀውን ከአሮጌ መጻሕፍትና ከሥራ ለቅሜ ነው ያገኘሁት፤ ለቅሞ ያገኘ ሰው ደግሞ ያለውን ደጋግሞ ያወራል። በተለይ ስለ ውሸት ስናገር ድምፄ ይጠነክራል። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ልጆቼ አንድ ቀን ቢያውቁ ይሻላል።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። የምንኖረው እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርትማ ነበር። አባባ ይማም ከደሴ የመጡት በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከጥቅምት ጀምሮ ሲያካፋ «ይሄ ዝናብ ሥራ አያውቅም እንዴ? ወይ ይዝነብ ወይ ይተው» ይሉ ነበር።

አባቴ ሚስተር ኩሪያንን ያገኛቸው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሻንጣ ጭኖ፣ ተሳፋሪውን ከኋላ አስቀምጦ፣ ገና መሪውን ሲያዞር ከኋላ አማርኛ ሰማ።

«አሕመድ ይማም» አለ ድምፁ። «ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ። አልጀብራ ደካማ።»

አባቴ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ወርዶ፣ የኋላውን በር ከፍቶ የአስተማሪውን ጉልበት ሳመ። ቤት ገብቶ ሲነግረን አባባ ይማም «ታዲያ ሒሳብ አስከፈልካቸው?» ብለው ጠየቁት። «አባባ፣ እንዴት አስከፍላለሁ?» ሲላቸው «ለዚህ ነዋ አልጀብራ ደካማ የተባልከው» አሉና ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ሚስተር ኩሪያን በየቅዳሜው ይመጡ ጀመር። ከሬድመንድ ሁለት አውቶቡስ ይዘው ነው የሚመጡት። ልጃቸው በመኪና ላድርስዎት ሲላቸው እምቢ ይላሉ፤ «አውቶቡስ ላይ ቢያንስ የሰው ጀርባ ይታያል፤ ሬድመንድ ሣር ብቻ ነው» ይላሉ። በር ላይ ረጅም ጃንጥላቸውን ያራግፋሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን እንደ ክፍል ወንበር ያስተካክላሉ። ከእርጥብ ሱፍ ኮታቸው ሽታ በላይ የሚመጣው ግን የኮኮናት ቅባታቸው ነው። ጸጉራቸው ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ወደ ኋላ ተለጥፎ ያበራል። በቆርቆሮ ሣጥን የሙዝ ጥብስ ይዘውልን ይመጣሉ፤ ጨዋማ፣ ቀጭን፣ ሲነክሱት የሚሰበር። እህቴ ሃዋ ሣጥኑን አቅፋ ከሶፋው ጀርባ ትደበቃለች።

በአንድ ቅዳሜ በላስቲክ የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴት ይዘው መጡ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በማላያላም የተሠራ፣ አዲስ ፊልም ነው፤ የአክስታቸው ልጅ ከኬረላ ልኮላቸዋል። ልጃቸው አንድ ጊዜ ጀምሮት እንቅልፍ ወሰደው። የልጅ ልጆቻቸው ቋንቋውን አይሰሙም። የሚያዩበት ሰው አጥተው ነው ወደ እኛ ያመጡት።

ፊልሙ እንግሊዝ ሕንድን በገዛበት ዘመን ነጻነት ጠይቀው የታሰሩ ሰዎች ታሪክ ነው። በመርከብ ጭነው ወደ ሩቅ ደሴት ይወስዷቸዋል፤ እያንዳንዱን ለብቻው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይዘጉበታል። ቀን ቀን እንደ በሬ ተጠምደው የዘይት መጭመቂያ ያዞራሉ፤ የሚጨመቀው ኮኮናት ነው። የተመደበለትን ያህል ዘይት ያላወጣ ይገረፋል።

የትርጉም ጽሑፍ ከሥሩ ስለሌለው ሚስተር ኩሪያን ራሳቸው ያስተረጉሙልን ነበር። ሪሞቱን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን እንደ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆመው፣ አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር ያቆሙታል። ምስሉ ሲቆም ነጭ መስመር በተዋናዩ ግንባር ላይ ይንቀጠቀጣል። አባባ ይማም ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ምንጣፉ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው፣ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያሳለፉ ይጠይቃሉ።

«አሁን ምን አለ?»

«አገሬን አልሸጥም አለ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አገሬን አልሸጥም አለ።»

«ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የለፈለፈው?»

«ማላያላም ረጅም ቋንቋ ነው፣ ሼህ ይማም።»

አያቴ ሼህ አልነበሩም፤ ሚስተር ኩሪያን ግን ደሴ ሳሉ ሽማግሌን ሁሉ እንደዚያ መጥራት ለምደው ቀርተዋል።

ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን ፊልም በስንት ቅዳሜ እንዳየነው ዛሬ ብትጠይቁኝ አሥራ አንድ እላለሁ፤ ያውም ሳንጨርሰው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሚያዩት የሚያወሩት ይበልጣል። ሚስተር ኩሪያን ሕንዶቹ እንዴት በአንድ ልብ እንደቆሙ፣ ከመካከላቸው አንድ የሚከዳ እንዳልተገኘ ይተርካሉ። አያቴ ግን ፊልሙን ያርማሉ።

«ሰንሰለቱ አዲስ ነው» ይላሉ። «የሰው እግር የኖረበት ሰንሰለት ውጭው ነው የሚዝገው፤ ውስጡ እንደ ብር ያበራል።» ሌላ ቀን ደግሞ «የተራበ ሰው እንዲህ አይጎርስም። ግራ እጁን ከአገጩ ሥር ያደርጋል፤ ፍርፋሪ እንዳይወድቅበት» አሉ።

«አንቱ ይህን በምን ያውቃሉ?» አሉ ሚስተር ኩሪያን።

«ታስሬ ነበራ። በጣሊያን ጊዜ፣ ሶማሌ በረሃ፣ ከባሕሩ ጥግ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።»

አባቴ ሙዝ ጥብሱን በአፉና በእጁ መካከል ይዞ ቀረ። መታሰራቸውን ያውቃል፤ ከአንደበታቸው ሲወጣ የሰማው ግን በዚያ ቀን ነው። «አባባ፣ ለእኛ እኮ ነግረውን አያውቁም» አላቸው።

«አልጠየቃችሁኝም» አሉ። «ክፈቱት እስቲ፣ መምህር፤ ይቀጥል።»

ልጅ የሰማውንና ያየውን ለየብቻ አያስቀምጥም፤ ያቦካዋል። እኔ በዚያ ወቅት በሁለት ነገር እርግጠኛ ነበርኩ። አንደኛ፣ ሚስተር ኩሪያን ከዚያች ደሴት ያመለጡ እስረኛ ናቸው፤ አለዚያማ ጸጉራቸው ለምን የኮኮናት ዘይት ይሸታል? የዘይቱ ሽታ ቆዳቸው ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አዝኜላቸውም አንድ ቀን የእናቴን ሳሙና በኮታቸው ኪስ ከተትኩላቸው። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳቸውም ሌላ ሳሙና አምጥተው ለእናቴ ሰጧት። ሁለተኛ፣ አያቴ እንደዚያ ፊልም ጀግና ናቸው፤ ተገርፈው ያላለቀሱ፣ ጠባቂውን በዓይናቸው ያስፈራሩ። አያቴ ስለ ራሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን አልተናገሩም። እኔ ግን ትምህርት ቤት ሄጄ ተናገርኩላቸው።

«ስንት ወታደር ገደለ?» አለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ማርከስ።

«ሰባት» አልኩት። በማግስቱ ለሌላ ልጅ ስነግር ዘጠኝ ደረሱ።

ወሬው ሚስ ካርሰን ዘንድ ደረሰ። ደግ ሴት ነበረች፤ ጠመኔ የነካው ሹራብ ትለብሳለች፤ ስትሰማ ጭንቅላቷን ዘመም ታደርጋለች። ልጆች ታሪክን ካዩት ሰው አፍ ቢሰሙ ይጠቅማል ብላ አያቴ ክፍላችን መጥተው እንዲናገሩ የሚጋብዝ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አራት ቀን አቆየሁት። ዘጠኙ ወታደሮች አስጨንቀውኝ ነበር።

በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ያኔ የመጨረሻው መሆኑን ማንም ሳያውቅ፣ ከፊልሙ አንድ ቦታ ደረስን። አንድ እስረኛ የእንግሊዙ ሹም ቢሮ ገብቶ ቆሟል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሻል። ዝቅ ባለ ድምፅ ብዙ ተናገረ፤ ሹሙም ጻፈ። ሚስተር ኩሪያን ሪሞቱን ተጫኑ።

«ምን አለ?» አሉ አያቴ።

«ውሃ ጠማኝ፣ ውሃ ይሰጠኝ አለ።»

አያቴ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የቆመውን ፊት ረጅም ጊዜ አዩት።

«መምህር» አሉ፣ «ውሃ የሚለምን ሰው ዓይኑ ውሃው ያለበት ነው የሚሄደው። ይሄ ሰውዬ በሩን ነው የሚያየው። የሰው ስም ነው የሰጠው።»

ሚስተር ኩሪያን ጆሯቸው ቀላ። መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጠረጉ። «ልክ ነዎት» አሉ በመጨረሻ። «የጓደኞቹን ስም ነው የሰጠው። ያን ሁሉ ቅዳሜ አንድም ከሀዲ አልነበረም እያልኩ አውርቼ... አፈርኩ።»

«አይፈሩ። ቱርጁማን ሲዋሽ አውቃለሁ። እኔም ቱርጁማን ነበርኩ።»

ቱርጁማን ማለት አስተርጓሚ መሆኑን አባቴ ነገረኝ። አያቴ ከመታሰራቸው በፊት የጣሊያን ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያነሡ ቋንቋውን ለቅመው ነበር፤ በእስር ቤቱም ሹሞቹ እስረኛ ሲጠይቁ የሚያስተረጉሙት እሳቸው ሆኑ። ይህን ስሰማ ደረቴ ተነፋ። ቱርጁማን ለእኔ የእስረኞቹ አለቃ፣ ስለ ሁሉም የሚከራከር ሰው ነበር። ተነሥቼ ቦርሳዬን ከፈትኩና የሚስ ካርሰንን ወረቀት አመጣሁ።

አባቴ አንብቦ ተረጎመላቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ስንት ልጆች ናቸው?» አሉኝ።

«ሃያ ስድስት።»

«አንተን የሚያህሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ኦኬ በላት» አሉ። ከእንግሊዝኛ የሚያውቋት አንድ ቃል ናት። ከዚያ ወደ ሚስተር ኩሪያን ዞሩ። «በአገሬ ሆኜ ልናገረው ያልቻልኩት አንድ ነገር አለኝ። የሟቹ ዘመዶች ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ሰርግም ለቅሶም አብረን ነን። ሳልናገረው እንዳልሞት እፈራለሁ። እዚህ ማንም አያውቀኝም። አንቱ ያስተረጉሙልኛል፤ ግን እንደ ፊልሙ አይደለም። ያልኩትን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።»

ሚስተር ኩሪያን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ሳልጨምር ሳልቀንስ» አሉ።

እኔ ሟች ሲባል ከዘጠኙ አንዱ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የተቀጠረው ቀን ሐሙስ ነበር። አባቴ ሁለቱንም ሽማግሌዎች በታክሲው አምጥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረዳቸውና ተመልሶ ወደ ሥራው ሄደ፤ በዚያ ሳምንት የሚነዳው የቀን ሺፍት ነበር። አያቴ ነጭ ጃለቢያቸው ላይ የአባቴን ጥቁር ኮት ደርበዋል፤ እጅጌው ጣታቸው ድረስ ይደርሳል። ክፍሉ እርጥብ ጃኬትና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ሚስ ካርሰን ወንበር ሰጠቻቸው፤ አልተቀመጡም።

በአማርኛ፣ ዓረፍተ ነገሩን እየከፈሉ፣ ለማስተርጎም እንዲመች አድርገው ተናገሩ። የለመዱት ሥራ ስለሆነ ያውቁበታል። መጀመሪያ ላይ ሚስተር ኩሪያን ቃል በቃል አስተረጎሙ፤ አሸዋውን፣ ጨው ጨው የሚለውን ውሃ፣ የሞቱትን ሕፃናት። ከዚያ አያቴ እንዲህ አሉ፤

«እንድሪስ የሚባል የሰፈሬ ልጅ ነበር። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አንድ ጠዋት ድንጋይ አልሸከምም አለ። ሹሙ ለምን እንደሆነ ጠይቀው አለኝ፤ ጠየቅሁት። እንድሪስም ‹ለእሱ ከምሸከም ብሞት እመርጣለሁ፤ እሱም በዚሁ አሸዋ ይቀበራል በለው› አለኝ።

«ከእኔ በፊት የነበረው ቱርጁማን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ‹አሞኛል ይላል› ብሎ ነበር የሚያስተረጉመው። ስንቱን አትርፏል። እኔም ‹አሞኛል ይላል› ማለት እችል ነበር። ሹሙ አማርኛ ጥቂት ይሰማ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ለቱርጁማን በቀን ሁለት ዳቦ ይሰጠዋል፤ ለሌላው ግማሽ። ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ድምፁን እንኳ አስመስዬ ነው የነገርኩት። እንድሪስን ከቀትር በፊት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። በዚያ ቀን ሁለቱንም ዳቦ በልቻለሁ።»

እዚህ ላይ አቆሙ። ሚስተር ኩሪያን አልጀመሩም። ወደ እኔ አዩ። እኔ ከማርከስ አጠገብ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፤ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዚያ ጥርት ያለ የአስተማሪ እንግሊዝኛቸው አስተረጎሙ። ይማም የወገኖቹን ቃል ለሹሞቹ ያደርስ ነበር አሉ። አንድ ጀግና ጓደኛ ነበረው፤ ደፍሮ እውነቱን ስለተናገረ ገደሉት። ይማም እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ እናንተም ደፋር ሁኑ ይላችኋል። ይኸው ነው። ዳቦ የለ፣ ‹አሞኛል› የለ፣ የእንድሪስ ስምም የለ።

ሚስ ካርሰን ዓይኗን ጠረገች። ማርከስ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው።

አያቴ ጭብጨባውን ሲሰሙ መስኮቱንና በሩን ተመለከቱ፤ የሆነ ሌላ ነገር የተፈጠረ መስሏቸው ነበር።

«ለምን ያጨበጭባሉ?» አሉ።

«አክብረውዎት ነው፣ ሼህ ይማም።»

«ሰው አስገድዬ?»

አያቴ በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብለው መጥተው ፊቴ ቆሙ። ከሃያ ስድስት ልጆች፣ ከዚያ ክፍል ሁሉ፣ ከአስተርጓሚው በቀር ሁለቱንም ቋንቋ የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎንበስ አሉ።

«በድሩ፣ አንተ ትሰማለህ። ያልኩትን ነው የነገራቸው?»

ሚስተር ኩሪያን የዋሹት ለእኔ ሲሉ ነው፤ ይህን በኋላ ከአፋቸው ሰምቻለሁ። እኔ የዋሸሁት ግን ለማንም ስል አይደለም። አያቴን ለመጠበቅ ነው ብዬ ብጽፍ ልጆቼ ያምኑኝ ነበር። እውነቱ ግን ማርከስ አጠገቤ ነው፤ ሰባት ወታደር ብዬዋለሁ፤ ጭብጨባውም ደስ ብሎኛል።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው። «እንዳሉት ነው።»

ፊቴን አዩኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ የቆመውን ሰውዬ ባዩበት አስተያየት አዩኝ። ከዚያ ቀና አሉና ለሚስ ካርሰን አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስተር ኩሪያን ካሴቱን ይዘው እንደተለመደው መጡ። አያቴ አስቀመጧቸው፤ ሻይ አስቀዱላቸው። ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም። እኔ ወጥ ቤት ደፍ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር፤ አባቴ ሥራ ላይ ነው።

«ምነው፣ መምህር?» አሉ አያቴ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ልጁን አየሁት» አሉ ሚስተር ኩሪያን። «በየአገሩ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሬአለሁ፤ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። በማግስቱ ‹አያትህ በዳቦ ሰው ያስገደለ› ይሉት ነበር። እንዴት ብዬ ልናገረው?»

«ደግነትዎ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ቂም የለኝም። ግን አንቱ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ብለውኝ ነበር። እኔ ያን ቀን ለእንድሪስ አንድ ቃል ብቀንስለት ይድን ነበር፤ አልቀነስኩም። አንቱ ደግሞ እንዳይቀንሱ ለምኜ ቀነሱ። ሁለታችንም ያልተፈለገውን ነው የሠራነው። ሸክሜን ይዤ ገባሁ፤ ሸክሜን ይዤ ወጣሁ።»

«እንደገና እንሂድ። ሴትየዋን አነጋግራታለሁ፤ እንደገና...»

«አይሆንም። አንድ ጊዜ ነው ጉልበት የነበረኝ።»

ሚስተር ኩሪያን ወደ እኔ አቅጣጫ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጁስ ሲጠይቁት ምን አለዎት?»

«ልጅ ነው» አሉ አያቴ። «ተዉት።»

ሻዩ በረደ። ሚስተር ኩሪያን ካሴቱን በላስቲኩ መልሰው ጠቀለሉት። ጫማቸውን ሲያስሩ ብዙ ቆዩ። አያቴ ኮታቸውን ደርበው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኟቸው፤ እንግዳ ሳይሸኙ ቀርተው አያውቁም። በመስኮት አየኋቸው። በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ትከሻቸው ሊነካካ ጥቂት ቀርቶት፣ ሁለቱም አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ እያዩ ቆመዋል። አውቶቡሱ መጣ፤ ጃንጥላው አብሮ ሄደ፤ አያቴ በካፊያው ቀስ ብለው ተመለሱ። ሚስተር ኩሪያን ከዚያ ወዲያ አልመጡም። አያቴም በሰኔ ወደ ደሴ ተመለሱ።

ያ ወቅት የፈጀውን እንግዲህ ልደምር። ሚስተር ኩሪያን አማርኛቸውን የሚሰማ አንድ ቤት ነበራቸው፤ እሱን አጡ። አባቴ ሦስት ጊዜ ሬድመንድ ኮል አደረገ፤ ልጃቸው ሦስቱንም ጊዜ ተኝተዋል አለው፤ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ አስተማሪውን ሁለተኛ ጊዜ አጣ። ሚስ ካርሰን አንድም ክፉ ሳታስብ ለሃያ ስድስት ልጆች ያልተባለ ነገር አስተማረች፤ ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ትምህርት እስኪዘጋ እዚያው ነበር። አያቴ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዝምታቸውን አንድ ቀን ከፈቱት፤ ማንም ሳይቀበላቸው ዘግተው ወሰዱት።

እኔን ያስከፈለኝ ደግሞ ይህ ነው። እስኪሄዱ ድረስ ከአያቴ ጋር በአንድ ክፍል ተኝተናል። አልቆጡኝም፤ ከሳህናቸው ሥጋ መርጠው ያጎርሱኝ ነበር። ነገር ግን ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ሱቅ ስንገባ፣ አውቶቡስ ላይ ሾፌሩ አንድ ነገር ሲላቸው፣ አጠገባቸው ቆሜ እያለሁ ዞረው የስድስት ዓመቷን እህቴን ይጠሩ ነበር፤ «ሃዋ፣ ነይ እስቲ፤ ምን አለ?»